የአቶ አካለ ወልድ ይግዛው ሕይወትና ለማንም ያላስነኩት ሞተር

አባቶች ካህናት፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ ከቢቸናና ከየጁቤ መንገድ አቋርጣችሁ ሞጣ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆች፦ እኔ የሟቹ ታናሽ ወንድም ይታገስ ይግዛው ነኝ። ይህን የታላቅ ወንድሜን ዜና ሕይወት እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ ያዘዙኝም አሳምሬ ሳይሆን ሳልዘል እንዳነብ ነውና፣ በመካከሉ ንዴት ንዴት የሚል ቃል ብትሰሙ ኀዘኔን ያቀለልሁ አይምሰላችሁ።

አቶ አካለ ወልድ ከአባታቸው ከመሪጌታ ይግዛው አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺዓለም ፈንቴ በ1954 ዓ.ም. በዚሁ በሞጣ ተወለዱ። አባታችን ፊደልና ዳዊት አስተምረው ቅኔ ቤት ቢያስገቧቸውም፣ የቆጠሩትን ጉባኤ ቃና መምህሩ ባረሙባቸው ጊዜ አልተሳሳትሁም ብለው ሦስት ቀን ሙሉ ስለተከራከሩ፣ መምህሩ በትሕትና ወደ አባታቸው መለሷቸው። ከዚያ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሞጣ ተማሩ፤ በእንስሳት ጤና ረዳትነትም ሠልጥነው በ1974 ዓ.ም. በመጀመሪያ የጁቤ፣ ቀጥሎም ቢቸና ተመድበው እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል በእነማይ ገበሬ ዘንድ አገለገሉ።

በዚህ ሥራቸው ማንም አያማቸውም። የታመመ በሬ ፊት ግማሽ ቀን ቆመው ትንፋሹን ያዳምጡ ነበር፤ ገበሬውም በሽታ ሲገባ ቢሮውን ሳይሆን እሳቸውን በስም ጠርቶ ይልክባቸው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከአሰላ ተመድበው ቢቸና ጤና ጣቢያ ይሠሩ የነበሩትን ሲስተር ሰሎሜ ገብረ ክርስቶስን አግብተው ምሥራቅንና ዘመነን ወለዱ።

በ1996 ዓ.ም. ከአንድ ጡረታ የወጡ የደብረ ማርቆስ ሰው፣ ከትዳራቸው በዕድሜ የምትበልጥ ትንሽ ነጭ የቤት መኪና ገዙ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ እሑድ የሚባል የዕረፍት ቀን አልነበረም። ከቅዳሴ መልስ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጡት ካንዴላዎች ተፈትተው ሲስተር ሰሎሜ ሽንኩርት በሚከትፉበት ትሪ ላይ ይደረደራሉ፤ ካርቡራተሩ በቤንዚን ይታጠባል፤ ጠዋት እያጓራችም ቢሆን ትነሣ የነበረችው መኪና ከታጠበች በኋላ ጭራሽ አትነሣም። ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋል። እኔም ለበዓል ቢቸና በሄድሁ ቁጥር አዲስ ልብሴን ለብሼ ከኋላ ስገፋ፣ ወንድሜ መሪውን ይዘው፣ በርታ ልትነሣ ነው እያሉ በመስኮት ያበረታቱኝ ነበር።

መካኒክ ይጠራ ሲባሉ፣ መካኒክ አንዱን ጠግኖ ሁለቱን እንደሚያበላሽ፣ አፍ የሌለውን በሬ የሚያክም ሰውም ብረት እንደማያቅተው ያስረዱናል። እውነቱን ለመናገር ከሃያ ጥገናቸው አሥራ አምስቱ ይሰምርላቸው ነበር፤ አምስቱን ግን የምንገፋው እኛ ነበርን።

በጥር ወር 2009 ዓ.ም. እናታችን እዚሁ ሞጣ ማለዳ ዐረፉ። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተቈርጦ ስልክ ደወልሁላቸው። ሲስተር ሰሎሜ ሁላችንም በሚኒባስ እንሂድ ቢሉ፣ ወንድሜ መኪናዋን ያለፈው ሳምንት በእጃቸው እንደፈተሿትና እናታቸውን ለመቅበር በሰው መኪና እንደማይሄዱ ተናገሩ። ሲስተር ሰሎሜም ክርክሩን ትተው ልጆቹን ይዘው በሚኒባስ ተሳፈሩ፤ በሰዓቱም ደረሱ።

የወንድሜ ሞተር ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ ፈላ። አቁመው አቀዘቀዙ፣ ውሃ ጨምረው ተነሡ፤ ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ፈላ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ላድርስዎት ቢላቸው አሥር ደቂቃ ይበቃኛል ብለው አሰናበቱት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እዚህ ደግሞ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ነበር፤ የበኵር ልጃቸው ሳይደርስ እንዴት ይሆናል ብለን ብንለምን አንድ ሰዓት ታገሡን፤ ከዚያ በላይ ግን አልተቻለም። አቶ አካለ ወልድ እጃቸው እስከ ክርናቸው በሞተር ዘይት ጠቁሮ፣ መኪናዋን ከደብረ ወርቅ ወዲህ መንገድ ዳር ጥለው፣ በሦስተኛው የጭነት መኪና የደረሱት ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ከተቀመጠ በኋላ ነው።

«እናታችን አንድ ሰዓት ጠበቀችህ» አልኋቸው።

«የራዲያተሩ ጥፋት ነው» አሉኝ።

እናታችን በተቀበሩበት ቀን፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ስለ ራዲያተር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓመት ሙሉ አላነጋገርኋቸውም።

በዚያ ዓመት ራዲያተሩን ቀየሩ፤ መኪናዋ ፈላች። የውሃ ፓምፑን ቀየሩ፤ ፈላች። የፓምፑን ማዞሪያ ቺንጋ ቀየሩ፣ የሞተሩን ክዳን አንሥተው ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀየሩ፤ በቢቸና ውስጥ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ደኅና ሆና፣ ረጅም መንገድ ስትወጣ ፈላች። ሲስተር ሰሎሜ በዚያ ዓመት ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል እንዳልተናገሩ ልጆቹ ነግረውኛል።

ለእናታችን ሙት ዓመት ወንድሜና ባለቤታቸው በዋዜማው ተነሥተው፣ አሥር ጊዜ እየቆሙ ሞጣ መግቢያ ሲደርሱ ሞተሩ እንደገና ፈላ። ሲስተር ሰሎሜ ከመኪናው ወረዱና ባላቸውን ሳያስፈቅዱ በአቅራቢያው ካለ ጋራዥ መካኒክ ይዘው መጡ። መካኒኳ ሊድያ ትባላለች፤ ዛሬም በመካከላችን አለች። ወንድሜ ኮፈኑን በእጃቸው ይዘው፣ ሁሉም ነገር እንደተቀየረና የቀረ እንደሌለ ሲያብራሩላት እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው፤ ከዚያም ተርሞስታቱን፣ ሞተሩ ሲግል ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ትንሽ ዕቃ ማለት ነው፣ ፈትታ አወጣችው።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተገልብጦ ነው የተገጠመው።»

የገጠሙት እናታችን ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ያለማንም ጥያቄ፣ ለፍተሻ ብለው ፈትተው ሲመልሱት ነበር። ሊድያ አዙራ ገጠመችው፤ መኪናዋም አልፈላችም። በማግስቱ ወንድሜ እንግዳ በተሰበሰበበት እኔ ቤት ገብተው፣ ሳይቀመጡ፣ «ይታገስ፣ ራዲያተሩ አልነበረም። እኔ ነኝ» አሉኝ። እኔም ቦታ ለቀቅሁላቸው፣ ምግብ አቀረብሁላቸው፤ መናገርም ጀመርን። ሌላ መልስ ግን አልሰጠኋቸውም።

ሰው በአንድ ቀን ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ በኋላ ሊድያን እየጠሩ ያስፈትሹ ነበር፤ ከጎኗ ቆመው የማይከራከሯት ብሎን ግን አልነበረም።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ትንፋሽ ያጥራቸው፣ እግራቸው ያብጥ ጀመር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገሉት ባለቤታቸው ልብህን ተመርመር እያሏቸው፣ የመኪናዋ ጭስ ማውጫ ተቀድዶ የሚገባው ጭስ ነው፣ ቀዳዳውን ስደፍነው ይሻለኛል ይሉ ነበር። የጭስ ማውጫውን ደፈኑ፤ አልተሻላቸውም። አምስት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ልጃቸው ምሥራቅ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ ሐኪሞቹም ልባቸው በጣም እንደደከመና ቀደም ብለው ቢመጡ መልካም እንደነበረ ነገሩን። እኛ ይህን ለመስማት ሐኪም አላስፈለገንም ነበር።

ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ፣ «ዜና ሕይወቴን የምታነበው አንተ ነህ። የእናታችንን ቀብር አትዝለለው» አሉኝ። በሰው ፊት ራሳቸውን ከወቀሱ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ይቅር ብዬሃለሁ አላልኋቸውም። ያን ዕለትም ዕረፍ እባክህ ብዬ ወሬውን ወደ መኪናዋ ባትሪ አዞርሁት። እሳቸውም ወዲያው ስለ ባትሪው ያስረዱኝ ጀመር፤ ነርሷ እስክታስወጣኝ ድረስ ተከራከርን። በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ግትርነቱን የእሳቸው ብቻ ነው ብዬ ኖሬ ነበር፤ እኔም አለብኝ ለካ።

እንግዲህ እናንተን ምስክር አድርጌ ልናገር። ጋሼ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ዘግይቻለሁና አንተም ይቅር በለኝ።

አቶ አካለ ወልድ ባለቤታቸውን ሲስተር ሰሎሜ ገብረ ክርስቶስን፣ ልጆቻቸውን ምሥራቅንና ዘመነን፣ የልጅ ልጃቸውን ሉሊትን፣ እኅታችንን ወይዘሮ ይርጋነሽንና እኔን ወንድማቸውን፣ በረት ለበረት እየዞሩ ከብቱን ያዳኑለትንም የእነማይ ገበሬ ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ቂማችንን ሳናሳድር፣ የምንወደው ሰው በሕይወት ሳለ የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።