ፒካፗ ላይ የሚጭነው ማን ነው?

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል የተሳፈርኩበት ታክሲ ጎማው ተነፈሰና ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከአንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ጩኸት ሰማሁ። የጮሁት አቶ ዱባለ ነበሩ፤ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ጎረቤቴ፣ ለሽምግልና የሚጠሩ ትልቅ ሰው። ፊት ለፊታቸው ልጃቸው ቃለጽድቅ ቆሟል። ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ መሐንዲስ ሆኗል። እናቱ ወይዘሮ ሰርኬ፣ ከወልቂጤ ቆጮ እያስመጡ ለክትፎ ቤቶች የሚያከፋፍሉት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ራቅ ብለው ቆመዋል።

«መምህር! እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት» አሉ አቶ ዱባለ። «ይግቡና ይፍረዱን። ይህ ልጅ አባቱን ሊያስተምር ተነስቷል።»

«ምን ገጠማችሁ?»

«ለሰርኬ ንግድ ፒካፕ ልንገዛ ነው። እኔ ይህችን ነጯን አልኩ። ስሟን የማያውቅ አለ? መኪና የሚገዛው በስም ነው። ነገ ልሽጣት ቢሉ ከሞተሯ በፊት ስሟ ይሸጣል። ቁመቷን ይዩት! ሰፈር ስትገባ ሰው ዞር ብሎ ያያል።»

«አባባ፣ ይቅርታዎንና ሰው ዞር ብሎ ስላየ ነዳጅ አይቆጥብም» አለ ቃለጽድቅ። ስልኩን ወደኔ ዘረጋ። ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አድርጎ ሠንጠረዥ ሠርቷል፤ ጉልበት፣ ፍጆታ፣ ካሜራ፣ ሁሉም አለ። «ሰማያዊዋ በሁሉም ትበልጣለች፤ ይዩት መምህር፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።»

«ስልክህ ዳገት ወጥቶ ያውቃል?»

«ስምስ ዳገት ይወጣል?»

«አፍህን ሰብስብ!»

የተማረ ሰው ክፉ አመል አለበት፤ ሠንጠረዥ ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ስለ ካሜራው ጥቅም ለአቶ ዱባለ ማስረዳት ያዝኩ። ሻጩ አብደላ፣ ትሑት ሰው፣ ወደ ወይዘሮ ሰርኬ ዞሮ «እናቴ፣ ወንዶቹ እስኪጨርሱ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ» አላቸው።

ወይዘሮ ሰርኬ የፈነዱት ያን ጊዜ ነው።

«በቃ! አንዱ ስም ይላል፣ አንዱ ቁጥር ይላል። ለመሆኑ መኪናው ለማን ነው?»

«ለአንቺ ንግድ ነዋ፣ ሰርኬ።»

«ታዲያ እኔ እዚህ የቆምኩት ለምንድን ነው? ለምስክርነት? ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መኪና ስታዩ አንዳችሁ ‹ምን ትጭኛለሽ? እንዴት ትጭኛለሽ?› ብላችሁ ጠየቃችሁኝ? እርስዎም መምህር፣ የተማሩ ናቸው፣ ያስታርቁናል ብዬ ብጠብቅ የካሜራ ወሬ ያመጣሉ!»

ፊቴ ጋለ። ስልኩን ለቃለጽድቅ መለስኩለት።

አቶ ዱባለ ግን ተቆጡ። «ሴትዮ፣ በሰው ፊት ነው! የመኪና ነገር የወንድ ነው። ተሸካሚ ይቀጠራል፤ አለቀ።»

«ተሸካሚ ያለው ገበያ ላይ ነው። ክትፎ ቤት በር ላይ ያለነው እኔና ረዳቴ ጉዲቱ ነን። ረስተኸው ነው? ሐምሌ ላይ ከተከራየነው መኪና ጥቅሉን ስታወርድ ወደቀችና እጇ ተሰበረ። ዛሬም ጣቷ አይታጠፍም። መኪናው ከደረቷ በላይ ስለነበረ ነው እንጂ ሰነፍ ሆና አይደለም! ሐኪም እኔንም ‹ከባድ ነገር ካነሳሽ ወገብሽ አይድንም› ብሎኛል። አንተ ግን የምታስበው የሚያይህን ሰው ነው።»

አቶ ዱባለ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ወይዘሮ ሰርኬ ወደ በሩ ሄዱ። ለቤቴል ክትፎ ቤት ሊያደርሱት የያዙት ቆጮ ውጭ ባጃጅ ላይ ነበር። በኮባ የተጠቀለለ፣ አንዱ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ነው፤ ሦስቱን በባጃጁ ሹፌር አስገቡና ነጯ መኪና ሥር አስቀመጡ።

«ዱባለ፣ አንሳ።»

«አብደሻል?»

«የወንድ ነገር ነው አላልክም? አንሳ።»

ሰው ሁሉ እያየ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ኮታቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው አነሱ። ደረታቸው ድረስ መጣ፤ ከዚያ አልፎ የመኪናዋን ጎን አልሻገር አለ። የቆጮው ውኃ በኮታቸው ላይ ወረደ። ልጁ ሮጦ ተቀበላቸውና ወርውሮ ጫነው። ሁለተኛውንም ጫነ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱን ይዞ ቆመ።

«ይህን በቀን ስንት ጊዜ ነው እማዬ?» አለ እያለከለከ።

«ሃያ። ከዚያ ደግሞ ሃያውን ማውረድ አለ።»

ቃለጽድቅ አቀርቅሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሉ አቶ ዱባለ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«አላዋረድኩህም፤ አሸከምኩህ እንጂ።»

ወይዘሮ ሰርኬ እዚያው ላይ አላቆሙም። ነጯ መኪና ውስጥ ወጥተው ተቀመጡና መሪውን ያዙ። መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ይኸው፣ ከኮፈኑ ወዲያ መንገዱ አይታየኝም። ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ተንሸራትቼ መውረድ አለብኝ። በዚህ ነው ሕፃናት በሚያቋርጡበት መንገድ ላይ የምነዳው?»

አብደላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ ከኋላ አንዲት አለች። ገዢ ስለማያያት አላሳየኋችሁም።»

ጥግ ላይ አቧራ የጠጣች፣ ባለ አንድ ጋቢና፣ ዝቅ ያለች ፒካፕ ቆማለች። ካሜራ የላትም፣ የሚያብረቀርቅ ነገርም የላትም። የጭነቷ ቦታ ግን ሰፊ ነው፤ የጭነቱ ግድግዳ የሆኑት ስፖንዳዎቿም በሦስቱም ጎን ይወርዳሉ። ወይዘሮ ሰርኬ ልጃቸው ያመጣላቸውን ሦስተኛ ጥቅል ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ገፋ ቢያደርጉት ገባ። ጋቢናዋ ውስጥ ተቀመጡ፤ እግራቸው ደረሰ፣ መንገዱም ታያቸው።

አቶ ዱባለ የመኪናዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ኮታቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

«መምህር፣ ማታ ማታ ወገቧን ስትይዝ አያለሁ» አሉ። «ቅባት ገዝቼ እሰጣታለሁ። ደግ ባል ነኝ እያልኩ። አንድ ቀን ግን ከምን እንደመጣ አልጠየቅኳትም።» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «የሰፈራችንን ዳገት ትወጣዋለች? ሃያው ሲጫንባት?»

ባለቤታቸውን ስለ ሥራቸው ሲጠይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«እሱን የሚያውቀው ሞክሮ ያየ ነው» አሉ ወይዘሮ ሰርኬ፣ ቁጣቸው ሳይበርድ። «ጭነን እንሞክራት። መካኒክም ይያት፤ አዲስ ሠንጠረዥ ካስፈለገም ልጅህ እኔን እየጠየቀ ይሥራ።»

እንደዚያው ሆነ። አብደላ ሳይከፋው መኪናዋን ለመካኒክ ለቀቀ፤ በማግስቱ ሙሉ ጭነት ይዛ ዳገቱን ወጣች፤ መካኒኩ ይቀየር ያለው ዕቃ ሒሳብ ከዋጋዋ ተቀንሶ ተገዛች። ዛሬ ወይዘሮ ሰርኬ ራሳቸው እየነዱ ከቀትር በፊት ሥራቸውን ይጨርሳሉ፤ ለኪራይ የሚከፍሉት ቀርቷል፤ ጉዲቱም በደህናው እጇ ጥቅሉን እየገፋች ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። አንባቢ ሆይ፣ ዕቃ ስትገዛ ስሙንም ጠይቅ፣ ቁጥሩንም አንብብ፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ። ከሁሉ በፊት ግን የሚሠራበትን ሰው ጠይቅ። ይህን የምልህ እኔም ሳልጠይቅ ቀርቼ ስለተሰደብኩ ነው፤ ስድቡም ይገባኝ ነበር።

በጥር የእድራችን ስብሰባ ነበር። ለልቅሶና ለድግስ የሚሆኑ ትልልቅ ድስቶች ይገዙ ተባለና ግማሹ ወፍራሙ ብረት ይሻላል፣ ግማሹ ቀላሉ ይሻላል ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። አቶ ዱባለ ከኋላ ተነሡ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«እዚህ ካለነው ውስጥ አንድ ድስት ከእሳት ያወረደ ማን ነው? እጁን ያውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም።

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል? ሴቶቹን ጥሩ!»

ጸሐፊው መዝገቡን እያገላበጠ «ጋሼ፣ ስብሰባው እኮ የወንዶች ነው» አላቸው።

«ድስቱስ?» አሉ አቶ ዱባለ።