ያልተመለሱት ሕመምተኞች

ባለፈው መጋቢት፣ በአንድ ማለዳ፣ የጋፋቱ አያ ሙላቴ ከደብረ ታቦር መኪና ተሳፍረው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። ያስኬዳቸው ሳል ነበር። ከገና በፊት የጀመራቸው ይህ ሳል አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ጉሮሯቸውን እየከረከረ እንቅልፍ ነሣቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ሁለት ጊዜ ተመረመሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ «የሳምባ ነቀርሳ የለብዎትም» ተባሉ። እሳቸው ግን አላመኑም። ለቤተሰቡ ፈርተው መጠጫቸውን ለዩ፤ መኝታቸውን ወደ ጎተራው ጥግ አዞሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙም ከሰው ርቀው መቆም ጀመሩ። ልጃቸው መሠረት በጥር የወለደችውን ሕፃን እስከዚያች ዕለት አንድ ጊዜ እንኳ አላቀፉትም። ሚስታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ «ኧረ ልጁን ይዩት» ሲሏቸው «ከበር ላይ አይቸዋለሁ» እያሉ ይመልሱ ነበር።

አያ ሙላቴ ከአባታቸው የተማሩ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ቁርጠት የያዘው፣ ጥርሱን ያመመው፣ ኮሶ የታየው ሁሉ፣ ከእብናት ሳይቀር፣ ደጃቸውን ይጠናል። ስለዚህ ራሳቸውን ማዳን አለመቻላቸው ከሳሉ ይበልጥ ያሳፍራቸው ነበር።

በፍል ውሃው ተራ ሲጠብቁ አጠገባቸው አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ሠናይት ትባላለች፤ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ስለ መድኃኒት የምታስተምርና የምትመራመር ናት። እናቷ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እሳቸውን ይዛ ነው የመጣች። አያ ሙላቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲያስሉ ብዙ ከሰማች በኋላ ጎንበስ ብላ፣

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሳሉ ከጀመረዎ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለቻቸው።

«አራተኛ ወሩ ነው። ራቅ ብለሽ ተቀመጭ ልጄ፤ እንዳላስይዝሽ።»

እሷ ግን ጭራሽ ጠጋ አለች። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ጦስኙ፣ ማሩ፣ ዝንጅብሉ፤ ያልሞከርኩት የለም።»

«ለሳሉ ሳይሆን ለሌላ ሕመም የሚወስዱትን ማለቴ ነው።»

አያ ሙላቴ ትንሽ አሰቡ። «ለደም ግፊት አንዲት ኪኒን አለችኝ። እሷስ ደግ ናት፤ ራስ ምታቴን ያራቀችልኝ እሷ ናት።»

«መቼ ጀመሯት?»

«በኅዳር።»

ሠናይት ኪኒኗን እንዲያሳዩአት ለመነች። ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ስሟን አንብባ ፈገግ አለች።

«አባቴ፣ ይህች ኪኒን ደም ግፊትን በደንብ ታወርዳለች። ነገር ግን ከሚወስዷት ሰዎች ከአሥሩ አንዱን ያህል ደረቅ ሳል ታስይዛለች። በሽታ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ግን ገና ሳይመረመሩ እሷ ናት ብዬ አልምልም፤ ሐኪሙ ይይዎት።»

«ኪኒኗ የምትገባው ሆድ፣ ሳሉ ያለው ጉሮሮ! ምን አገናኛቸው?»

«በደም ገብታ የማትደርስበት የለም። ለመሆኑ ሳሉን ሲመረምሩዎ ይህችን ኪኒን እንደሚወስዱ ነገሯቸው?»

«አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁት።»

«እንግዲያ ነገ ይዘዋት ይሂዱ። በራስዎ ግን እንዳይተዉአት፤ ግፊቱ ይነሣል። ሐኪሙ በሌላ ይቀይርልዎታል። ከዚያ ይህን የሚመዘግቡበት ቢጫ ቅጽ አለ፤ ያስሞሉት።»

በዚህ ጊዜ የአያ ሙላቴ ፊት ተለወጠ።

«ቅጹ ለምንድን ነው?»

«ኪኒኗ ሳል እንዳስያዘችዎ እንዲጻፍ ነው።»

«ተይ እንጂ! ደክማ መርምራ፣ በነፃ ሰጥታ ያዳነችኝን ሐኪም ልክሰሳት? የበላሁበትን ቤት ላማ? እኔ ያላደግሁበትን!»

እንግዲህ አንባቢ በአያ ሙላቴ ላይ ቶሎ እንዳይፈርድ። በአገራችን በጎ ያደረገልንን ሰው ጉድለቱን ፊት ለፊት መንገር እንደ ነውር ይቆጠራል። ምግቡ ጨው ቢበዛበት እንኳ «እንዴት ይጣፍጣል» ብለን እንነሣለን። ይህ ጨዋነት ለግብዣ መልካም ነው፤ ለመድኃኒት ግን አይሆንም።

ሠናይትም ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችም። «አባቴ፣ ቅጹ ሐኪሟን አይከስም። መድኃኒት ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት በሰው ላይ ይሞከራል፤ ግን የተሞከረበት ሰው ጥቂት ነው፣ አገሩም ሩቅ ነው። እዚህ ደጋ ላይ ገብስ በሚበላ፣ ጦስኝ በሚጠጣ ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ የሚታወቀው የወሰደው ሰው ሲናገር ነው። አንድ ሰው ቢናገር ላይገባን ይችላል፤ ከየወረዳው ብዙ ሰው ሲናገር ግን እኛ እንቆጥራለን፣ እናስተያያለን፣ ለሐኪሞች ሁሉ እናሳውቃለን።»

«እኔ አርባ ዓመት መድኃኒት ስሰጥ አንድ ቅጽ አልሞላሁም» አሉ አያ ሙላቴ፣ ኩራታቸው ተነክቶ። «ከመድኃኒቴ የተነሣ ተጎዳሁ ብሎ የተመለሰ አንድ ሰው የለም። ያልተመለሰው ሁሉ ድኗል።»

«አንቱ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው፣ ኪኒኗ ሳል አስያዘችኝ ብለዋል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያ እዚያም እሳቸውማ ድነዋል እየተባለ ይሆናል።»

ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ ሳይሰናበቷት ተነሥተው ወደ ውሃው ገቡ።

በማግስቱ ግን ኪኒናቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሟ አመስግናቸው በሌላ ቀየረችላቸው። ቅጹን ልሙላ ስትል ግን «ስሜን እዚያ ላይ እንዳታሰፍሪ» ብለው ወጡ። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ ፈንታነሽ ቆም ብለው አዳመጡና «ዛሬ አላሳለዎትም» አሏቸው። በዚያው ሰሞን አያ ሙላቴ የልጃቸውን ልጅ ታቀፉ። ሕፃኑ ጢማቸውን ጨምድዶ ይዞ አልለቅ ሲል፣ እሳቸው እንባቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ።

ደስታው ግን ዕረፍት አልሰጣቸውም። አራት ወር ሙሉ በከንቱ ከሰው ተለይተው መኖራቸውን ባሰቡ ቁጥር፣ የሠናይት ጥያቄ ይመጣባቸዋል። መድኃኒት የሰጧቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያስታውሱ ጀመር። በተለይ አንዲት ሴት ከልባቸው አልወጣ አለች፦ ሙኒራ፣ የእብናቷ ጨርቅ ነጋዴ። አምና ኮሶ ታይቷት መጥታ አንድ እፍኝ የኮሶ አበባ ሰጧት፤ ትሉ አልወጣም ብላ በሳምንቷ ስትመለስ ሁለት እፍኝ አጠጧት። ከዚያ ወዲያ አላዩአትም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ እብናት ሄዱ።

ሙኒራ ሱቋ ውስጥ ቁማለች። ጨርቁን በክንዷ ስትለካ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፤ ጠርዙን የምታገኘው በጣቷ እየዳሰሰች ነው። አያ ሙላቴ ፊት ለፊቷ ቆመው ሳሉ «ምን ልስጥዎ አባባ?» አለቻቸው፣ እንደማታውቃቸው።

«ደኅና ነሽ ወይ ሙኒራ?»

ድምፃቸውን ስትሰማ ፊቷ በራ። «አባባ ሙላቴ! ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ!»

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም አልሆነ…»

«ሙኒራ፣ እኔ የመጣሁት ልጠይቅሽ ነው። ከኮሶው በኋላ ነው?»

ሴትዮዋ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች። «ትሉስ ወጥቶልኛል። ግን በዚያው ሰሞን ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ። መጀመሪያ ያልፋል ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሊያድኑኝ ደክመው የሰጡኝን! በአዛውንት ደጅ ቆሜ ዓይኔን አጠፉት ልበል? እኔ ያላደግሁበትን!»

አያ ሙላቴ የገዛ ቃላቸውን ከሌላ ሰው አፍ ሰሙት።

«ሁለተኛውን እፍኝ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ይተዉት አባባ፤ አላህ ያመጣው ነው።»

«እኔ ያመጣሁትን በእሱ አታሳብቢ ልጄ። ይልቅ ተነሽ፤ የሚያይሽ ሐኪም አለ።»

በዚያው ሳምንት ሙኒራን ይዘው ደብረ ታቦር ገቡ። የዓይን ሐኪሙ እውነቱን አልሸሸገም፤ የጠፋው እንደ ድሮው አይመለስም፣ የቀረው ግን በክትትል ሊጠበቅ ይችላል አለ። ከዚያ አያ ሙላቴ ሠናይትን ፈልገው አገኙ፤ ሳይቀመጡም «ቢጫውን ወረቀት አምጪ፤ በመጀመሪያ የኔን ሳል፣ ቀጥሎ የኔን ጥፋት ጻፊ» አሏት።

ሠናይት ጽፋ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ «ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ በፊት የተጻፈ አለ። የሙኒራን ዓይን የጎዳው እሱ ነው ብሎ ለመቁረጥ አንድ ሰው አይበቃም። ግን አሁን ተጽፏል፤ ሌላ ሰው ሲመጣ ብቻውን አይሆንም።»

ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምርምር እርሻ ወሰደቻቸው። ከከተማው ዳር፣ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ቦታ ነው። ከጉና ተራራ የመጣ ጦስኝ በመደብ በመደብ ተተክሏል፤ ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ የኮሶ ችግኙ ሁሉ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተተከለ የሚናገር ሰሌዳ አለው። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ በሚዛን ይመዘናል። አያ ሙላቴ በየመደቡ እያጎነበሱ ዞሩ።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጫካው አለ አይደል?»

«ጫካው እያለቀ ነው አባቴ። ጦስኙን ከነሥሩ እየነቀሉ ገበያ ያወጡታል። ደግሞም ሁሉም አንድ ዓይነት ኃይል የለውም። ከሦስት ገበያ ኮሶ ገዝተን ስንመረምር አንዱ ከሌላው በጣም ተለያየብን። ምክንያቱን እስካሁን አላገኘነውም።»

አያ ሙላቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ምክንያቱንማ እኔ ልንገርሽ። መድኃኒቱ ያለው በቀዩ፣ በሴቴው አበባ ነው። ነጋዴው ክብደት እንዲያነሣለት ወንዴውን ይቀላቅልበታል። የዘንድሮውንና የከረመውንም ያደባልቃል።»

ሠናይት ማስታወሻዋን አውጥታ እያንዳንዱን ቃል ጻፈች። አርባ ዓመት ሙሉ ለአንድም ሰው ያልገለጹትን ነገር ሲነግሯት አያ ሙላቴ ራሳቸው ተገረሙ። «አባቴ ምስጢር ጠብቅ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ምስጢሩን ስጠብቅ፣ ለካ ስሕተቴንም አብሬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ኮሶ አልሰጡም፤ ኮሶ የታየውን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፣ በልክ የተሠራ ኪኒን እዚያ አለና። ከአባታቸው የኮሶ ዛፎች ዘር ለቅመው ለምርምሩ ሰጡ። የዛፎቹን ዕድሜና የሚያብቡበትን ወር እየነገሩም ከተመራማሪዎቹ ጋር ይውሉ ጀመር። የተማሩትም ልጆች እሳቸውን «መምህር» ይሏቸዋል።

በግንቦት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲበላ፣ አያ ሙላቴ ሠናይትን ጋብዘው በማኅበርተኛው ፊት ቆሙ። የሙኒራን ነገር ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ጎረቤታቸው አቶ ይሻው በቁጣ ተነሣ።

«አያ ሙላቴ፣ ምን ነካዎት? የአባትዎን ሙያ በሰው ፊት ያዋርዳሉ? ነገ ማን ያምንዎታል?»

«ይሻው ወንድሜ» አሉ አያ ሙላቴ፣ «አባቴ ሰው ለማዳን ነው ያስተማረኝ። አንዲት ሴት ዓይኗን አጥታ እኔን ላለማሳፈር ዝም ስትል፣ ያኔ ነው ሙያው የተዋረደ። እኔ ብጠይቃት ኖሮ ሁለተኛውን እፍኝ ለሌላ ሰው አልደግምም ነበር። እኔም ኪኒኗን እንደምወስድ ብናገር ኖሮ ወራት ሙሉ ከልጅ ልጄ አልርቅም ነበር። የጤና ጣቢያውም ይሁን የኔ፣ መድኃኒት ወስዶ የጎረበጠው ሰው ይናገር። ሲናገር ሐኪሙ ይቀይርለታል፤ የሚመራመሩት ይማሩበታል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ሳይጎዳ ይድናል። ቅጠላችንም በእርሻ ቢተከልና በሚዛን ቢለካ፣ ጫካችን ይተርፋል፣ ልጆቻችንም መጠኑን ያውቃሉ። ከዚህ ሁሉ ምኑ ነው ውርደቱ?»

ይሻው ተቀመጠ። ከዚያ ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ብዙነሽ የተባሉ ባልቴት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እኔ ለወገቤ የምውጠው ኪኒን ሆዴን እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ለማን ልንገር እያልኩ ዓመት ሞላኝ» አሉ።

ሠናይት ወረቀቷን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከእሳቸው ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ከእሷም ቀጥሎ የቆዳ ሽፍታ ያስቸገራቸው አንድ አዛውንት መጡ። ሠናይት እያንዳንዱን ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ቶሎ ሐኪም ማየት ያለበትንም ለይታ ነገረች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ተበታተነ። ወረቀቷን ሰብስባ ስትነሣ፣ አቶ ይሻው ሰው ሁሉ እስኪሄድ በአጥሩ ዳር ቆሞ ቆይቶ ኖሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቀረበና፣

«የኔ እንኳ ትንሽ ነገር ናት» አላት።