ሽማግሌ ያልላከ ገዢ

ማክሰኞ ዕለት እንደ ወትሮዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ውኃው ሳይቋረጥ ሁለት ባልዲ ሞላሁ፤ ከተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት አሥራ አምስቱን አረምኩ፤ ከዚያ ዳቦ ለመግዛት ወጣሁ። በዚያ ሳምንት የማስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለ ነበር የሚያጣድፈኝ ነገር አልነበረም። ሌሊቱን ዘንቦ የሰፈራችን የጨለለቂ መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ዳር ዳሩን ይዤ እየሄድኩ ከኦቦ ቀጀላ ደጃፍ ደረስኩ።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኦቦ ቀጀላ ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚያወጡትን ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ከበሩ አጠገብ ካለች የእብነ በረድ ጠፍጣፋ ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አስፋልቱ ይመለከታሉ።

«አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ ቀጀላ» ብዬ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አልኳቸው።

«ነጋ፣ አዴ ዘርፈሽ። አካም ቡልቴ? ትምህርት ቤት ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?»

«ገና ነው። ሽማግሌ እየጠበቅሁ ነው።»

ከቤታቸው ያላገባች አንዲት የልጅ ልጃቸው ብቻ እንደ ሆነች አውቃለሁ። «ለፌኔት ነው?» አልኳቸው።

«ለኩባንያው ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጋራ ሌንጮ የሚባል የእብነ በረድ አክሲዮን ማኅበር ሲቋቋም፣ ከሰፈራችን ሠላሳ ስምንት ቤተሰብ ድርሻ ገዛ። በየቤቱ ዞረው ያስገዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኦቦ ቀጀላና ባለቤቴ ተረፈ። ድንጋዩ የሚወጣው ከጊዳ አያና መለስ ብሎ ነው። ሁለት ዓመት ጥቂት ትርፍ አየን። ከዚያ መንገዱ የተዘጋባቸው ዓመታት መጡና መቁረጫዎቹ ዝገው ተቀመጡ። መንገዱ ሲከፈት የመለዋወጫው ዋጋ ሰማይ ወጥቶ፣ የባንኩ ብድር ተቆልሎ ጠበቀን። በዚህ መካከል የአዲስ አበባ የወለል ንጣፍ ፋብሪካ ድርሻውን በሙሉ ልግዛችሁ አለ። የሚሰጠን ከከፈልነው ከግማሹ ትንሽ ከፍ ይላል። ከድርሻው ሦስት አራተኛው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት እሺ ካላለ ጥያቄው ይሰረዛል። ደብዳቤውና የስምምነት ቅጹ ለየቤታችን ደርሶናል። ተረፈ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኗልና የእሱን ድርሻ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ኦቦ ቀጀላ ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ለሰፈሩ የሰጡት ምክር አጭር ነበር። በመጀመሪያ ጥያቄ ልጁን የሚሰጥ አባት የለም፤ ስለዚህ ማንም እንዳይፈርም፤ ሰዎቹ በክብር ሽማግሌ ይላኩ፤ ዋጋም ይጨምሩ።

«ሦስተኛ ቀኔ ነው» አሉኝ። «ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ቦርሳ ይዟል፣ ጫማው ጭቃ ነው፣ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። አስገባሁት፤ ድርቤ ጭኮ አቀረበች። ‹ጥያቄያችሁን ሰምተናል፤ ዘመድ እናማክራለን› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ጭኮውን ግን ጨረሰው።»

ባለቤታቸው አዴ ድርቤ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ በረንዳው ወጡ። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ አለ። ሐኪሙ በዚህ ክረምት ካልተገፈፈ ይከፋል ብሏል። ገንዘቡ ከድርሻው ሽያጭ እንደሚመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ኦቦ ቀጀላም ያውቃሉ፤ ግን ሽማግሌዎቹ ይምጡ ይላሉ።

«ዘርፈሽ ነሽ?» አሉ አዴ ድርቤ። «ድምፅሽን ባልሰማ ሽማግሌ መጣ ብዬ ጭኮ ላመጣ ነበር።»

ይህን ስንነጋገር አንድ ባጃጅ ቆመና ፌኔት ወረደች። ሒሳብ አያያዝ የተማረች፣ ቢላ ከተማ በአንድ ባንክ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ጃንጥላና የፕላስቲክ ማኅደር ይዛለች። የአያቷን ጉልበት ስማ፣ እኔን በአክብሮት ሰላም ብላ፣ ሱፉን አየችና ገባት።

«አካኮ» አለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ «ስልክ ላይ የነገሩኝ እውነት ነው ማለት ነው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አራት ቀን ፈቃድ ወስጄ መጣሁ።»

«መልካም አደረግሽ። ሽማግሌ ሲመጣ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።»

እኔ ስላለሁ በአማርኛ ቀጠሉ። ሲናደዱ ብቻ ወደ ኦሮምኛ ይመለሱ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ሆነኝ እሱም አያመልጠኝም።

«አካኮ፣ ኩባንያ ሽማግሌ አይልክም። ደብዳቤ ነው የሚልከው።»

«ደብዳቤ ጠሪ ነው። ጠሪ ደግሞ ሽማግሌ አይደለም። እሺ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ በመጀመሪያ ጥያቄ ልጁን የሰጠ አባት ምን ይባላል?»

«ልጁ እንከን አለባት ይባላል።»

«አየሽ?»

«የእኛዋ እንከን የለባትም እንዴ? ሰባት ዓመት ሙሉ ትርፍ አልወለደችም። ሁለት መቁረጫዎቿ ተሰብረዋል። ዕዳ አለባት።»

«የልጁን እንከን አባት በአደባባይ አያወራም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ እነሱ ይህን በምን ያውቃሉ?»

«መርምረዋታል። ገጽ አራት ላይ ተጽፏል። ባለሙያ ልከው ሒሳቧን፣ ጉድጓዷን፣ ማሽኖቿን ሁሉ አይተዋል።»

«ሳያገቧት?»

«ሳያገቧት።»

ኦቦ ቀጀላ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ነውር ነው፤ አዴ ዘርፈሽ፣ አይደለም ወይ?»

በሕግ የተፈቀደ መሆኑን፣ እንዲያውም የሚገዙትን ነገር ሳይመረምሩ መግዛት እንደሚያስወቅስ ነገርኳቸው። ሰፈራችን ድርሻውን ሲገዛ ማንም ምንም እንዳልመረመረ ግን ሳልናገር ተውኩት። ሰውን በገዛ ደጁ ማሸማቀቅ የመምህር መጥፎ ልማድ ነው፤ እኔም ለክፍል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ፌኔት ደብዳቤውን አውጥታ ገጽ ስድስትን በቀስታ አነበበችላቸው። ዓርብ ካለፈ ገዢው እንደማይመለስ፣ ባንኩም ለብድሩ የተያዘውን ንብረት በሐራጅ ሊሸጥ እንደሚችል ይናገራል። ከሐራጅ በኋላ ለባለድርሻ የሚተርፍ ነገር መኖሩ ያጠራጥራል።

«ይላል እንጂ» አሉ ኦቦ ቀጀላ። «የእኔ ሽማግሌዎች የድርቤን አባት ‹ይህ የመጨረሻችን ነው› ብለዋቸው አምስት ጊዜ ተመልሰዋል።»

«አራት ጊዜ ነው» አሉ አዴ ድርቤ። «በአምስተኛው የመጡት ለጠላው ነው።»

«ያን ጊዜ ገና ጌታን አልተቀበልንም ነበር» አሉኝ ኦቦ ቀጀላ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «ዋናው ነገር መመለሳቸው ነው። የፈለገ ይመለሳል። እምቢታ ዋጋ ያስጨምራል እንጂ ሰው አያባርርም።»

«ያባርራል» አሉ አዴ ድርቤ።

«ማንን አባረረ?»

«ከአንተ በፊት ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር። አባቴ እንደ ወጉ እምቢ አለ። እናቴ ቤቱን ጠርጋ፣ ጠላ ጠምቃ ሦስት ሳምንት ጠበቀች። ሰዎቹ ግን አልተመለሱም። ሌላ ቤት ሄደው የአጎቴን ልጅ ወሰዱ።»

ኦቦ ቀጀላ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኙ። ሃምሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል።

«ማን ነበር?»

«ምን ያደርግልሃል።»

«ማን ነበር አልኩ?»

«ዋቅወያ።»

«የወፍጮ ቤቱ ዋቅወያ?»

«ያን ጊዜ ወፍጮው አንድ ብቻ ነበር።»

ፌኔት ጃንጥላዋን መፈተሽ ጀመረች፤ እኔ ወደ ጭቃው አየሁ።

«ታዲያ እግዜር ጠብቆሻል» አሉ በመጨረሻ ኦቦ ቀጀላ። «የወፍጮ ድምፅ ጆሮ ይደፍናል።»

«እኔ ተቆጭቼ አይደለም» አሉ አዴ ድርቤ። «አንተ መልካም ባል ነህ። ግን አባቴ እስኪሞት ድረስ ‹ወግ ነው ብዬ እንጂ ልከለክላቸው አልፈለግሁም ነበር› ይል ነበር። ሰዎቹ ይህን በምን ያውቃሉ? እምቢ ሲባሉ እምቢ መሰላቸው።»

ብዙ የተማሩ ሰዎች ብዙ ገጽ ጽፈው ይህን ያህል ግልጽ አድርገው ሲያስረዱ አላየሁም። ወግ የሚያስከብረው ሁለቱም ወገን ሲያውቀው ነው። አንዱ በወግ ሲናገር ሌላው በወረቀት የሚሰማ ከሆነ ግን፣ ከመካከል የሚጎዳው ቤቱን ጠርጎ የሚጠብቀው ነው። ፌኔትም ይህን ብላ ልትጀምር አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳት። አያቷ በራሳቸው እየደረሱበት ነበር።

ግን አልደረሱም፤ ሌላ ነገር አወጡ።

«ወጉን ልተወው» አሉ። «ሠላሳ ስምንቱን ቤት ግን ምን ላድርገው? ‹በሬህን ሽጠህ ግዛ› ያልኩት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው ጂሩ ሁለተኛ ማሽን ሊገዛበት የያዘውን ገንዘብ አምጥቶ በእኔ እጅ ሰጠ። ዛሬ ‹በግማሽ ዋጋ ሽጡ› ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? ካልሸጥን ኩባንያው አለ ማለት ነው። ካለ ደግሞ አልተሳሳትኩም ማለት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ጨመሩ፤ «ተረፈ ቢኖር አይሸጥም ነበር።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ኦቦ ቀጀላ፣ ተረፈ የማይሠራ የውኃ ፓምፕ የገዛበትን ጊዜ ያስታውሳሉ?»

«እንዴት እረሳለሁ። ሱቁን ጠቅሶ፣ ‹ተሳስቻለሁ፤ እናንተ እንዳትሳሳቱ› ሲል ሰፈሩን ዞረ። ለእኔ ብቻ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል።»

«ሦስት ጊዜ የነገራቸውም አሉ። አንድ ሰው በመንገድ ሲያየው ‹ፓምፑን ሰምቻለሁ› እያለ ይሸሸው ነበር።»

ኦቦ ቀጀላ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ፊታቸው ቀለል አለ። እኔም ዳቦ ቤቱ እንዳያልቅበት ብዬ ተሰናበትኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት በጂሩ ልብስ ስፌት ቤት ተሰበሰብን። ኦቦ ቀጀላ ያላስጠሩት የለም፤ ቦታ ያጡት በር ላይ ቆሙ። ኦቦ ቀጀላ በዚያው ሱፋቸው ተነሡ።

«ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። ስትገዙ ሳላነብ መከርኳችሁ። እንዳትሸጡ ስላችሁም ሳላነብ ነው። ትናንት ፌኔት ሙሉውን ደብዳቤ በኦሮምኛ አነበበችልኝ። የሚሻለው መሸጥ ነው። ተሳስቻለሁ። ዛሬውኑ ሂዱና ቅጹን ሙሉ።»

ጂሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ከስፌት ማሽኑ መሳቢያ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ተሞልቶ ተፈርሞበታል።

«ኦቦ፣ እኔ ባለፈው ሳምንት ሞልቼዋለሁ። እርስዎን ቀድሜ ማስገባት ግን አፈርኩ።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ጎረቤታችን ሜቲ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ የራሷን አወጣች። አንዱ ከኮቱ ኪስ፣ ሌላው ከባርኔጣው ውስጥ አወጣ። ሁሉም ሞልቶ ሽማግሌው እስኪቀድሙ ደብቆ ይጠብቅ ነበር። ኦቦ ቀጀላ ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም» አለ ጂሩ።

«እኔ እናንተን አፍሬ፣ እናንተ እኔን አፍራችሁ፣ ዓርብ ሊያልፍ ነበር ማለት ነው?»

«እንዲያ ነው፣ ኦቦ።»

«ጸሎት ቤት ደግሞ ገዢው ዋጋ እንዲጨምር ጸልዩልኝ ብዬ ወንጌላዊውን አስቸግሬ ነበር» አሉ። «እሱም ሞልቷል እንዴ?»

«እሱ ነው መጀመሪያ የሞላው» አለች ሜቲ።

መከባበር የሚያኮራን ነገር ነው፤ ልንተወውም አይገባም። ነገር ግን መከባበር ማለት ሐሳብን መደበቅ የመሰለን እንደ ሆነ፣ አንድ ሰፈር በሙሉ ማንም ያልፈለገውን ነገር በአንድ ድምፅ ሊያደርግ ይችላል። ሽማግሌ የሚከበረው እውነቱ ሲነገረው ነው።

ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ቅጹን ያልሞላሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፌኔት እስክሪብቶ ተውሼ በጂሩ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ሞላሁት። ማንም ለምን ዘገየሽ አላለኝም።

ዓርብ ጠዋት ኦቦ ቀጀላ ሠላሳ ስምንቱን ቅጽ በብብታቸው ይዘው ቅጹ ወደሚሰበሰብበት ቢሮ ሄዱ፤ እኔና ፌኔት አጀብናቸው። የገዢው ወኪል ከሃያዎቹ ዕድሜ ያላለፈ ወጣት ነው። ኦቦ ቀጀላ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአገሩን ስም ጠየቁት፤ የእናቱን ደኅንነትም ጠየቁ። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አስረከቡት።

«ልጃችንን በደኅና ያዟት» አሉት። «ሥራ ትወዳለች፤ መለዋወጫ አጥታ ነው።»

ወጣቱ ግራ ገብቶት ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ።

ዛሬ ይህ ከሆነ ስድስት ወር አልፎታል። የአዴ ድርቤ የሁለቱም ዓይኖች ሞራ ተገፍፏል፤ የባላቸውን ሱፍ አይተው ብብቱ ተበልቷል ብለው ለጂሩ ሰጡት። ጂሩ በሁለተኛው ማሽኑ ሰፋው። ጉድጓዱ ሥራ ጀምሯል፤ ከሰፈራችን ሁለት ወጣቶች ተቀጥረዋል። ከሁሉ የበለጠው ጥቅም ግን በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በጂሩ ቤት እየተሰበሰብን ማንኛውንም ውል፣ ደብዳቤና ቅጽ ከመፈረማችን በፊት ጮክ ብለን ማንበባችን ነው። አንድ ሰው ያነባል፣ አንዱ ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል፣ ያልገባው ይጠይቃል። ኦቦ ቀጀላ ሰብሳቢ ናቸው። ባለፈው ጊዜ የውኃ ቆጣሪውን ደረሰኝ እንኳ አስነብበዋል።

ኩባንያው የአንድ ባለቤት ስለ ሆነ በኅዳር የሚደረገው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ቀርቷል። በየዓመቱ አዳራሹ ውስጥ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራ ነበር። ተረፈ ሲባል እኔ እጄን አንሥቼ «አለ» እል ነበር። ዘንድሮ ኅዳር አለፈ፤ ስሙን የጠራ ሰው የለም።