የዳማው ጥፋት

«እንዴት ዋልክ ዳማ? በረደህ አይደል? ውይ ይኼ የጥር ብርድ! ዛሬማ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አድርቆት ነው ያደረው። ቆይ፣ ጀርባህን ላሽልህ… እንደሱ! ገብሱንስ በላህ? ትንሽ አቧራ አለው፣ ቻለው እንግዲህ።»

ጌጤ ይህን የምትለው ለፈረሱ ነው። ጭብጥ ገለባ ይዛ ጋጡ አጠገብ ቆማ የዳማውን ጀርባ ከላይ ወደ ታች ታሻለች። ባሏ ይስማው ደግሞ በሩ ላይ ካለው መደብ ላይ ጋቢውን ደርቦ፣ ወጌሻ ያሰረለትን እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከጋጡ እስከ መደቡ ያለው ርቀት ኢምንት ነው። ጌጤ ድምፅዋን አላነሣችም፤ ዝቅም አላደረገችም።

ይስማው ግን ገና «እንዴት ዋልክ ዳማ» ስትል ነበር አሽሙር እንደጀመረች የገባው። ምሳ ላይ ፈረሱን ለመሸጥ መወሰኑን፣ የደነባው ተሾመ በጠዋት መጥቶ እንደሚወስደው ሲነግራት፣ ያለችው አንዲት ቃል «እሺ» ብቻ ነበር። አልተቆጣች፣ አላለቀሰች። ሳህኑን አነሣችና ወጣች። ከጌጤ ጋር የኖረ ሰው እንዲያች ያለችውን «እሺ» ያውቃታል፤ ደግ ነገር ተከትሏት መጥቶ አያውቅም።

«እኔ እምልህ ዳማ…» አለች የአንገቱን ጋማ በጣቷ እያፍታታች። «አንድ ትልቅ ሰው አውቃለሁ። ስማቸውን ተወው፣ ስም ምን ያደርግልሃል? ጎበዝ ናቸው! ትጋት ካልክ ከሳቸው ወዲያ ላሳር። ክረምት የለ፣ በጋ የለ፣ ከእርሻ ሲመለሱ ዘንጋቸውን ይዘው ሜዳ ነው። ለጉግስ ሊለማመዱ እኮ ነው! ባሕር ዛፍ ላይ ገለባ የሞላ ጆንያ አንጠልጥለው፣ ጋልበው ይመጡና ውርወራ! ተመልሰው ይሄዱና ደግሞ ውርወራ! ስንት ጆንያ እንዳለቀ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሰፊዋ እኔ ነኛ። ጆንያ ደግሞ እንዴት ያለ ጥሩ ተጋጣሚ መሰለህ… አይሸሽ፣ አይመልስ፣ አይስቅ።»

ይስማው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ምን ያድርግ? «ስለኔ ነው የምታወሪው?» ቢላት፣ ዐይኗን አፍጥጣ «አንተን አልኩ እንዴ? ከፈረስ ጋር ማውራትም ተከለከለ?» ልትለው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ የሱ መሆኑን በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነው። የእግሩን ማሰሪያ የሚያጠባብቅ መስሎ አቀረቀረ።

«ታዲያ ሰው ይኼን ያህል ከለፋ መቻሉ ይቀራል? እኔ ሞኟ፣ ደጋግሞ የሠራ ሁሉ ይራቀቃል ብዬ አስብ ነበር። ተራቅቀዋልም! እግዜር ያውቃል አላማቸውም። ዘንጉን ሊወረውሩ ቀኝ እጃቸው ብድግ ሲል፣ ግራ እጃቸው ልጓሙን ጭምድድ አድርጎ ወደ ደረት ይስባል። አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም! እሑድም ይስባል፣ የዓመት በዓል ለትም ይስባል። አንተ የአፍህን ነገር ታውቀው የለ? እኔ እንዲህ አስተካክዬ ልሳሳት ብል አልችልም። ልምምድ ይጠይቃላ! ዓመት ሙሉ ላብ ያፈሰሱበት እኮ ነው…»

እዚህ ላይ ሳቋ መጣና ዋጠችው። ይስማው አየ። ጆሮው ሲግል ተሰማው።

የሚያናድደው ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ጎረቤላ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ጉግስ በእጃቸው ያደገው አያ ወልደአረጋይ፣ አንድ ቀን ሲለማመድ አይተውት «ልጄ፣ ግራህን ላላ አድርጋት። ፈረሱ እኮ ቁም ያልከው እየመሰለው ነው» ብለውት ነበር። እሱስ ምን አደረገ? አመስግኖ በማግስቱ ጆንያውን ሰው ከማያየው ከኮረብታው ጀርባ ወስዶ ሰቀለው። እዚያ ብቻውን፣ የሚያርመው በሌለበት፣ ትከሻው እስኪዝል ወረወረ። ድካሙን ግን ማንም አያውቅለትም። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ያ ሜዳ ሙሉ ሰው ለሱ እልል ሲል መስማት ነበር የፈለገው። ይኼ ነውር ነው? ይስማው ከልቡ አዘነ፤ ለራሱ ነበር ያዘነው።

«አያ ወልደአረጋይማ ምን ያውቃሉ?» አለች ጌጤ፣ ሐሳቡ ውስጥ ቁጭ ብላ ስታዳምጥ እንደነበረች ሁሉ። «ያረጁ ሰው ናቸው። ዛሬ በሳቸው ዘመን ዓይነት ማን ይጋልባል? በዚያ ላይ የሰው ምክር ሰዓት ይሻማል፤ ልምምድ ያስፈታል። ጆንያ ይሻላል።»

ገለባውን ጣለችና ወደ ፈረሱ ፊት ዞረች።

«ልዑል በስልኩ የቀረጸውን አየኸው? የእኅቴ ልጅ ልዑል። እኔ መቼም አላይም ብዬ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እያመጣ አሳየኝ። ደብረ ብርሃን ድረስ ሳይደርስ አልቀረም፣ ወፍጮ ቤት የማላውቃት ሴት ‹እንኳን ነፍሳቸው ተረፈ› አለችኝ። እንዴት ያምራል መሰለህ! እሳቸው ዘንጉን ሲያነሡ፣ ልጓሙ ሳብ ሲል፣ አንተ ቀጥ ብለህ ቆምክ። እንደ ጨዋ ልጅ! እሳቸው ግን አልቆሙም… መንገዳቸውን ቀጠሉ። በጆሮህ መካከል አልፈው፣ እስከ አጥሩ ድረስ።»

ይስማው እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። የጥምቀት ለት ጉግስ ላይ ነበር፣ ታቦታቱ ከተሸኙ በኋላ። የሜዳው ሰው በሙሉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ መሞቱን አለመሞቱን እስኪያይ ጠብቆ፣ ከዚያ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። ዝም ብለው ቢስቁ እንኳ አንድ ነገር ነው። አንዱ ደግሞ «ድገመው!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ግን ፍርዱን ነው የማደንቀው» ቀጠለች። «መጀመሪያ የወደቁ ጊዜ ጥፋቱ የኮርቻው ነበር። ደግ፣ ኮርቻው ተለወጠ። በዓመቱ የእርካቡ ሆነ። እርካቡም ተለወጠ። አምና ደግሞ ፀሐይ ናት፣ ዐይናቸው ውስጥ ገብታ። ፀሐይን ገበያ አውጥቶ መሸጥ ስላልተቻለ በምሕረት ታለፈች። ዘንድሮ ያንተ ተራ ደረሰ። ምን ታደርገዋለህ? ቁም ሲሉህ ቆምክ። ይኼው ነው ወንጀልህ። ብትሮጥ ኖሮ… እሱም ወንጀል ይሆን ነበር።»

«እስቲ አፍህን ልየው፣ ና ወዲህ።»

የዳማውን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ይስማው ካለበት ሆኖ የምታየውን ነገር አያየውም፤ ግን ያውቀዋል። ልጓሙ የላጠው ቦታ ነው። ቀደም ሲል ድኖ ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ እንደገና ቆስሏል። ጌጤ ከመቀነቷ ቅቤ የተቀባች ጨርቅ አውጥታ ቀስ እያለች ቀባችው። ፈረሱ ራሱን አላሸሸም።

«አይዞህ» አለች፣ ድምፅዋ አሁን የቀልድ አይደለም። «አይዞህ የኔ ጌታ። ነገ እንግዲህ ደነባ ነህ። ተሾመ ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ። ጋሪ ሊያስጎትትህ ነው ቢሉኝም… ጋሪም ሥራ ነው። ያባቴ ባዝራ አንተን የወለደች ለት እኮ ዝናብ ነበር። አባቴ በርኖሱን አውልቆ አንተን አለበሰና እሱ እየተንቀጠቀጠ ቤት ገባ። እናቴ ስትቆጣው ‹የጌጤ ነው፣ እንዳይበርደው ብዬ ነው› አለ። ከዚያ ወዲያ ባዝራዋም አልወለደች፣ እሱም አልሰነበተ። እኔ ካባቴ ምን ቀረኝ? አንተ ነህ። አንተው ብቻ ነህ…»

ግንባሯን አንገቱ ላይ አሳረፈች።

ይስማው ይኼን አልቻለም። አሽሙሩን ይችለዋል፤ ስንት ዓመት ችሎት የለ? እንዲያውም አንዳንዱ በሆዱ ያስቀዋል። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። የሚስቱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየ። ተነሥቶ «ተይው፣ አልሸጥም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ሊላት አፉን ከፈተ። ከፈተና ከደነው። «ጥፋቱ የኔ ነው» የምትለዋ ነገር ምላሱ ላይ አልወጣ አለች፤ እሷን ተለማምዶ አያውቅማ!

ጌጤ ቀና ብላ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ወዲያው ያች የቀድሞዋ ድምፅዋ ተመለሰች።

«ምን ሆኜ ነው እኔ የማለቅሰው? አዲስ ፈረስ ይመጣ የለ? እሱም ይለምዳል፤ ግራ እጅ ሲስብ መቆሙን፣ ከዚያም ጥፋተኛ መሆኑን። ሲያልቅ እሱም ገበያ ይወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮርቻው ሄደ፣ እርካቡ ሄደ፣ አንተ ሄድክ… እዚህ ግቢ ውስጥ ተራው ያልደረሰው ማን ቀረ ዳማ? እስቲ ዞር ዞር ብለህ እይልኝ። ከኔ ሌላ የሚታይህ ሰው አለ?»

ይኼኔ የይስማው ስልክ ጋቢው ውስጥ ጮኸ። አወጣና አየው። ተሾመ ነው። የጌጤ እጅ የፈረሱ ጀርባ ላይ እንዳለ ቆመ። ዞራ ግን አላየችም። ስልኩ ሊቋረጥ ጥቂት ሲቀረው አነሣው።

«አቤት ተሾመ… ደኅና፣ ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ? … የለም፣ እንዳትመጣ። ለሱ ነው ልደውልልህ የነበረው። እንዴት ብዬ ልንገርህ… ፈረሱ አነከሰ። ዛሬ ነው፣ አዎ፣ ድንገት። ክፉኛ ነው የሚያነክሰው። እንዲህ ያለ ፈረስ ሸጬልህ ምን ዓይን ይኖረኛል? … የለም፣ ሲድንም አይሸጥም። እንዲህ ያለ እግር መቼም አይድንም። በል ሰላም ዋል።»

ስልኩን ከተተ። ዘንጉን ከግድግዳው ሥር አነሣና ተደግፎት ተነሣ፤ የታሰረው እግሩ መሬት ሲነካ «እህ!» አለ። እያነከሰ፣ አንዱን እግሩን እየጎተተ፣ ወደ በሩ አዘገመ።

ከበስተኋላው ጌጤ ጎንበስ ብላ የፈረሱን እግሮች ተራ በተራ እያነሣች ታያለች። የፊቱን አየች፣ የኋላውን አየች። አራቱም ደኅና ናቸው። ጉንጯ ላይ እንባው ገና አልደረቀም፤ ከንፈሯ ግን ሳቅ ይዞታል። ቀና አለችና ዳማውን አቅፋ፣ ከዚያ ቀን ሁሉ በላይ በለሰለሰ ድምፅ፣ ይስማው ከበሩ ሳያልፍ እንዲደርሰው አድርጋ መረቀች።

«ሰማህ ዳማ? አንክሰሃል አሉ። እሰይ! እንኳን አነከስክልኝ! በል እንመርቅ። ያንተን ክፉ እግር እግዜር ይማርልን። ጌታህንም ዕድሜ ከጤና ያድልልን፣ ክፉ አይንካቸው፣ ለከርሞው ጥምቀት በሰላም ያድርሳቸው። ሩኅሩኅ ሰው ናቸው፣ አንተን ምረው የለ? ደግ ሲሠሩ እንኳ ጥፋቱን አንተ ላይ ጥለው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ከነሰበባቸው ያኑርልን። አሜን በል እንጂ!»