«ምንም አትሆንም» ያለው ጥርስ ነቃይ

ሸህናይ የሚባለውን የሰርግ መለከት ከነልጆቻቸው በመንፋት የሚተዳደሩት ኡስታድ ኢምዳድ ጉንጩ ያበጠውን ታናሽ ልጃቸውን ሻኪብን እየጎተቱ የሕንዷን ከተማ የባናራስን ጠባብ መንገድ ሲወርዱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ታባሱም ድንገት ከፊታቸው ብቅ አለች። ታባሱም የጥርስ ሐኪም ናት። ሽማግሌው የተማረ ሰው ነገር ያረዝማል ብለው ያምናሉና ሲያዩዋት ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ጋሼ፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ወዴት ይሆናል! የመጨረሻ መንጋጋው እንቅልፍ ነሳው። ሥራ የሚበዛበት የሰርግ ወር ሳይገባ እዚያ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጠው ነቃይ ጋ ልወስደው ነው። አባቴም እኔም የተነቀልነው እነሱ ቤተሰብ ጋ ነው።»

«መጀመሪያ ራጅ ይነሳ እንጂ! የጥርሱ ሥር ነርቩ ላይ ተኝቶ ከሆነ፣ በጉልበት ሲጎተት ከንፈሩ ይደነዝዛል። በደነዘዘ ከንፈር ደግሞ ሸህናይ አይነፋም። ምን በልቶ ሊያድር ነው?»

«አንቺ ብታወጪለትስ፣ ምንም አይሆንም ብለሽ ትምያለሽ?»

«አልምልም። እኔም ጋ ሊደነዝዝ ይችላል።»

ኡስታድ ከት ብለው ሳቁ። «ይኸው! እሱ ግን ‹ምንም አትሆንም› ይላል።»

«አደጋ አለ ብሎ የሚናገረው አደጋውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ጋሼ። ሙዛፋርንም ‹ምንም አትሆንም› ብሎት ነበር።»

የበኩር ልጃቸው ስም ሲነሳ ደማቸው ፈላ። ሙዛፋር ካምና ጀምሮ ሸህናዩን ትቶ ከበሮ መቺ ሆኗል።

«እሱ ሰንፎ ነው! የእኛ ከንፈር በልፋት ይደነዝዛል፤ ደንዝዞ ነው የሚጠነክረው። ንፋ ብለው፣ ጨምር ብለው፣ እምቢ አለኝ።»

«የልፋት ድንዛዜ ሲያርፉ ይለቃል። የእሱ መቼ ጀመረው?»

«በተነቀለ ማግስት» አለ ሻኪብ፣ ጉንጩን እንደያዘ።

«ያን ሰሞን ቢያመጡት ምናልባት ይረዳ ነበር። አሁን እንጃ» አለች ታባሱም በሐዘን።

ኡስታድ ሙዛፋርን ከንፈሩ እስኪደማ ያስነፉት ትዝ አላቸው። አይ አለማወቅ! ልጁን የሚወድ አባት እንኳ በገዛ እጁ ልጁን ይጎዳል። ነቃዩን ትተው ታባሱምን ተከተሉ።

ራጁ ላይ የጥርሱ ሥር ነርቩን ተደግፎ ታየ።

«መጀመሪያ እብጠቱ በመድኃኒት ይጉደል» አለች ታባሱም። «ከዚያ ሥሩን ሳንነካ አናቱን ብቻ ቆርጠን እናወጣለን። አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከደነዘዘው ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።»

ሽማግሌው ሁሉንም ደጋግመው ጠየቋት። ቤት ሲገቡም ሙዛፋርን ጠርተው እንዲህ አሉ፤ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ያለ ራጅ ጥርስ አይነቀልም። ምን ሊያጋጥም እንደሚችል ሳንጠይቅም አፋችንን ለማንም አንከፍትም። የደነዘዘውም ወዲያው ለሐኪም ይታይ። እንዲህ ከሆነ የሻኪብ ከንፈር ይተርፍ ይሆናል።»

ሙዛፋር ሻይ እየጠጣ ነበር። ሻዩ በአገጩ ላይ ሲወርድ አልታወቀውም። አባቱ በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉለት።

«ጥሩ አድርገዋል፣ አባባ» አለ። «ለሻኪብ ሐኪም ጠየቁለት። እኔን ግን ‹ንፋ› ነው ያሉኝ።»