ከሸንጎው በር የመለሰኝ አጋፋሪ

ያ አጋፋሪ ስንቱን ባለጉዳይ በዱላ ሲያባርር እየዋለ፣ እኔን ለምን መለሰኝ? እስካሁን አልገባኝም።

ባሌ ሞቶ ወንድሙ መሬታችንን ቢቀማን፣ ልጄን አዝዬ ከጋሳይ ተነሥቼ ደብረ ታቦር ሸንጎ ሄድሁ። መጀመሪያ የተናገሩት ዳኛ፣ “መሬቱ ለአጎትየው ይገባል” አሉ። ሁለተኛውም ያንኑ ደገሙ። በቃ፣ ልጄ ያለ መሬት ቀረ ብዬ እያለቀስሁ ልወጣ ስል፣ አጋፋሪው ነጠላዬን ይዞ አስቆመኝ።

“ወዴት ነሽ አንቺ? ገና ትንንሾቹ ዳኞች ናቸው የተናገሩት! ፍርዱን የሚቆርጡት ትልቁ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ መጨረሻ ነው የሚናገሩ። ተመለሽ!”

ተመለስሁ። ሽማግሌው ዳኛ ቀስ ብለው ተነሡና፣ “የአባቱ መሬት ለልጁ ይጽናለት” አሉ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል።

አሁን ለአጋፋሪው አንድ ቅል ማር ልወስድለት አስቤ፣ ጉቦ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ልውሰድለት ወይስ ይቅርብኝ? እባካችሁ ምከሩኝ።