ከውጭ የመጣው ላፕቶፕና የጋሽ ካፊያ ጣቶች

ሰኞ ጠዋት የመጠረዣ ክር ልገዛ ስወጣ ጋሽ ካፊያን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። አዲስ ላፕቶፕ በብብታቸው ሸጉጠው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ጋሽ ካፊያ ደብተርና መዝገብ ከምጠርዝበት ክፍል አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። ኪቦርዱን ሳያዩ ሲመቱት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ስለሚመስል ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራቸዋል።

«ወዴት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ክፍሉን እንደምለቅ ለባለቤቱ ልነግር። ጣቶቼ ከድተውኛል። ሃያ ዓመት የጻፍኩትን ‹ወይዘሮ› ትናንት ‹ዘይወሮ› ብዬ አረፍኩት። በእንዲህ ያለ እጅ የሰው ጉዳይ አይጻፍም።»

ደግነቱ ምድር ቤት ኮምፒውተር የምትጠግነው ወጣት በሯን እየከፈተች ስለነበር ሰማቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ላፕቶፕ ከየት አመጡት?»

«አሮጌው ሲበላሽብኝ የእህቴ ልጅ ከውጭ ገዝታ ላከችልኝ። እሱማ አዲስ ነው፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

«እስቲ ይቀመጡ። እርጅናዎን በኋላ እናየዋለን።»

ላፕቶፑን ከፍታ ቁልፎቹን አየችና ፈገግ አለች።

«በአሮጌው ላይ ‹ኤ› የት ነበረች?»

«በግራ ትንሿ ጣቴ ሥር።»

«እዚህ ቦታዋን ‹ኪው› ይዞታል። ‹ደብሊው› እና ‹ዜድ›ም ተቀያይረዋል። ‹ኤም› ደግሞ ወደ ቀኝ ሸሽታለች። የእህትዎ ልጅ ያለችበት አገር ሰው የሚጽፈው በዚህ አቀማመጥ ነው። እርስዎ አማርኛውን የሚጽፉት በላቲኑ ፊደል ድምፅ አይደል? ጣትዎ ‹ወ›ን ፍለጋ የለመደው ቦታ ሄደ፤ እዚያ ያገኘው ‹ዘ›ን ነው።»

«እንግዲያው ይመለስላት። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ፊደል ልቁጠር?»

«እርስዎ ምንም አይቆጥሩም። የሚለምደው እሱ ነው» አለችና ሴቲንግ ውስጥ ገብታ እሳቸው የሚያውቁትን አቀማመጥ መረጠች።

ጋሽ ካፊያ ግን ቁልፎቹን አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «‹ዜድ› ተብሎ ተጽፎበት ‹ደብሊው› ሊጽፍ ነው? ልጄ፣ ይሄ እኮ በሌላ ሰው መታወቂያ መዞር ነው። እኔ ሐሰተኛ ማስረጃ ጽፌ አላውቅም።»

«ቁልፉ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው ጋሼ። ማሽኑ ቀለሙን አያነበውም። እርስዎስ መቼ አንብበውት ያውቃሉ?»

እሷም ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ እጃቸውንና ኪቦርዱን ሸፈነችበት። «በሉ አሁን ይጻፉ።»

ሻርፑ ሥር ጣቶቻቸው ተንቀሳቀሱ። አንድ ሙሉ የማመልከቻ መግቢያ ስክሪኑ ላይ ወረደ፤ አንድም ፊደል አልተዛባም። በግድግዳ በኩል ስንት ዓመት የሰማሁትን ሥራ በዓይኔ ሳየው የሁለቱም ሙያ አስደነቀኝ፤ የእሳቸው እጅና የእሷ ትዕግሥት።

«እጄ ደህና ነው ማለት ነው?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ከእኔ እጅ ይሻላል። ሌላ ጊዜ ግን ገና ሳይገዛ የሚጠቀሙበትን ኪቦርድ ፎቶ አንስተው ለእህትዎ ልጅ ይላኩላት፤ እሷም የሚገዛውን ኪቦርድ ፎቶ ከሻጩ ተቀብላ ትላክልዎት። የ‹ኢንተር› ቁልፍ ቅርጹ እንኳ ይለያያል፤ እሱን ሴቲንግ አይለውጠውም።»

«እልካለሁ። የእህቴን ልጅም ሳላመሰግናት ነው የቆየሁት፤ ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ» አሉ።

እኔም ይህን የጻፍኩት ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ከድካም ያድናል። ቁልፉን እያየ ለሚጽፍ ሰው በላዩ የሚለጠፍ የፊደል ተለጣፊ አለ። ሳያይ ለሚጽፍ ግን አቀማመጡን መቀየር ይበቃዋል። ወጣቷ ባትጠይቃቸው ኖሮ ጋሽ ካፊያ ጤነኛ እጃቸውን ወቅሰው ሙያቸውን ሊተዉ ነበር።

የክሩን ግዢ ለኋላ ትቼ አብረን ወደ ላይ ስንመለስ አንዲት ሴት ወረቀቶቿን አቅፋ በራቸው ላይ ትጠብቃለች።

«ይግቡ እመቤቴ፤ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አሏት።

ሴትዮዋ ጉዳይዋን ስትናገር ዓይናቸውን ከፊቷ አልነቀሉም። ጣቶቻቸው ግን መጻፍ ጀምረዋል።